ሰርቨሩን የገደለው መብራት አይደለም

«መብራት ጠፍቶ ነው የሞተው።» ይህችን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ካዛንቺስ ሂዱ፣ ስታዲየም ሂዱ፣ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ሠርቶ የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ተደርጎ ሰርቨር አልነሳ ካለ ጥፋቱ የመብራት ነው። መብራት ይገድላል፣ አልክድም። አፕዴት ሲደረግ ባዮሱ ያለበት ቺፕ ላይ የነበረው መጀመሪያ ይደመሰሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጻፋል። መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ግማሹ ብቻ ይቀራል። እኔ ካየኋቸው ግን አብዛኞቹን የገደለው የሰው ጣት ነው።

የወር መጨረሻ ዓርብ ነበር፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ ቢሮ። የአይቲው ልጅ አፕዴቱ «አለቀ» ሲለው ሪስታርት አደረገ። ስክሪኑ ጨለመ። ፋኖቹ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻሉ። የሂሳብ ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ደመወዝ ልከፍል ነው እኮ! ሞተ እንዴ?» ይላሉ። ልጁ ስድስት ደቂቃ ታገሠ። ከዚያ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ያዘው። ያን ቀን መብራት ለአፍታም አልጠፋም።

ስክሪን ጨለመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። በብዙ ሰርቨሮች «አለቀ» ማለት ፋይሉን ተቀብያለሁ ማለት ብቻ ነው። ዋናው ጽሕፈት የሚካሄደው በዚያ ሪስታርት ላይ ነው። ቀጥሎ ቦርዱ ራሙን እንደ አዲስ ይፈትሻል። ራሙ ብዙ ከሆነ አሥር ደቂቃም ሊያልፍ ይችላል። ራሱን ሁለት ሦስቴ ሪስታርት ቢያደርግም አትደንግጡ። እኔ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ቁልፍ አልነካም። ከመጀመሬ በፊትም የቢኤምሲውን የኔትወርክ ገመድ እሰካለሁ። ቢኤምሲ ቦርዱ ላይ ያለ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒ አይሎ ይሉታል። ስክሪኑ ጨልሞም እሱ የት እንደተደረሰ ይነግራችኋል።

«ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) አለን።» ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው? ሦስት ዓመት ካለፈው ከአፕዴቱ ቀን በፊት ሞክሩት።

«ሲሠራ አይነካም።» ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜጋራክ በሚባለው የቢኤምሲ ሶፍትዌር ላይ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ክፍተት ይፋ ሆኗል። የተሰጠው የአደጋ ነጥብ ከ10 ሙሉ 10 ነው።

«አዲስ ቨርዥን እንደወጣ ጫን።» ይህም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ኢንቴል ስፔክተር ለሚባለው የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተት ያወጣው፣ በባዮስ አፕዴትም የሚመጣው ማስተካከያ ማሽኖችን ሳይታሰብ ሪስታርት ስላደረገ፣ እዚያው ወር ውስጥ «አትጫኑት» ብሏል። እኔ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት እጠብቃለሁ፣ ሪሊዝ ኖቱንም (ከቨርዥኑ ጋር የሚወጣውን ማብራሪያ) አነባለሁ። ከድሮ ቨርዥን በቀጥታ መዝለል የማይቻልበት ጊዜ አለና።

የባዮሱን ሴቲንግ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ አፕዴቱ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ሊመልሰው ይችላል። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ካለም ለጊዜው አቁሙት።

«ባዮሱ ከሞተ ቦርዱ ይጣላል» የሚሉም አሉ። የዚያ ቢሮ ሰርቨር ቢኤምሲው በሕይወት ነበር። ባዮሱን በእሱ በኩል መልሰን ጻፍነው። ደመወዙ ሰኞ ተከፈለ።