ርስትና ጉልት፦ በአንድ መሬት ላይ ሁለት መብት

ስለ ቀድሞው የሰሜን ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት የሚያነብ ሰው፣ አንዱ ሰነድ መሬቱን «የገበሬው ርስት» ሌላው ደግሞ «የመኳንንቱ ጉልት» ሲለው ግራ ይጋባል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ርስት ከአቅኚው አባት በመወለድ የሚገኝ መሬት የማረስና የማውረስ መብት ሲሆን፣ በብዙ አማራ አካባቢዎች በአባትም በእናትም ወገን ሊጠየቅ ይችል ነበር። ጉልት ግን ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ከገበሬው ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር፤ ስለዚህ ባለጉልቱ ቢሻር እንኳ ባለርስቱ ማረሱን አይተውም ነበር። ለዘር የሚተላለፈው ጉልት ርስተ ጉልት መባሉ ግን ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ርስትን ዛሬ ከምናውቀው የግል ይዞታ ጋር አንድ ማድረግም፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ባለርስቱ ድርሻውን ከዘመዶቹ ክርክር ነጻ አድርጎ አይዝም ነበርና።

ይህን ለመለየት አንድ የትምህርት ዘርፍ ብቻውን አይበቃም። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በብራና መጻሕፍት ክፍት ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወርቅ፣ እማኞቹም በስም። ጽሕፈቱን የሚያነበው የቋንቋ ሊቅ፣ ዋጋውን የሚመዝነው የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ ነው። የዘር ሐረግ ሙግቱን የሚፈታው ግን ከገበሬው ጋር የተቀመጠው የማኅበረሰብ አጥኚ ነው፤ የቃል ክርክር በብራና ላይ አይገኝምና።

ጉልት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ርስት ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ አከተመ።