የጥርስ መቦርቦርና የተወረሰ የመከላከል አቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥርስን የሚበላው ትል ነው።»
ትል የለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እምነት ውድቅ ቢያደርግም አባባሉ እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። ጥርስን የሚያቦረቡረው፣ እንደ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚያመርቱት አሲድ ነው።

«ኢናሜል (ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) ሕይወት ስለሌለው የሰውነት መከላከያ ጥርስን አይደርስለትም።»
ግማሹ እውነት ነው፤ ኢናሜል ደም ሥርም ሕያው ሕዋስም የለውም። መከላከያው ግን በምራቅ በኩል ይደርሳል፦ አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያ ጥርስ ላይ እንዳይጣበቅ ያግዳል፤ ላክቶፈሪን ለባክቴሪያው የሚያስፈልገውን ብረት ይነጥቀዋል፤ ዲፈንሲን የሚባሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች ደግሞ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ። እነዚህን የሚያሠሩት ዘረመሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ለምሳሌ ቤታ ዲፈንሲን 1ን በሚያሠራው ዘረመል ላይ ያሉ ልዩነቶች ከተቦረቦሩ ጥርሶች ብዛት ጋር እንደሚያያዙ አንዳንድ ጥናቶች አመልክተዋል። በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኙትና የባክቴሪያ ስብርባሪን ለመከላከያ ሕዋሳት የሚያሳዩት የኤችኤልኤ ዘረመሎችም በዚሁ ረገድ ተጠንተዋል፤ ውጤቱ ግን ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ «ተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው።

«መከላከያው የጠነከረ ሰው ጥርሱ አይበላም።»
የሾግረን በሽታ ተቃራኒውን ያሳያል። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ መንገዱን ስቶ የምራቅ ዕጢዎችን ያጠቃል፤ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድልም በከፊል ከኤችኤልኤ ጋር የተያያዘ ነው። ምራቅ ሲደርቅ አሲዱን የሚያለዝብም የሚያጥብም ስለማይኖር፣ ከዚህ በፊት ደህና የነበሩ ጥርሶች ድድ ሥር ሳይቀር በፍጥነት ይቦረቦራሉ።

«እናቴም አባቴም ጥርሳቸው አልቋል፤ የእኔም ዕጣ ይኸው ነው።»
በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውርስ ድርሻ እንዳለው ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ድርሻው የኢናሜል አፈጣጠርን፣ የምራቅን መጠንና የጣፋጭ ፍላጎትን በሚወስኑ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ በሚያበረክቱ ብዙ ዘረመሎች መካከል የተከፋፈለ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ከዘረመል ሌላም ይጋራል፦ እናት የልጇን ምግብ በቀመሰችበት ማንኪያ ስታጎርሰው ባክቴሪያውንም ታጋራዋለች፤ የቤቱ ሻይ ስኳር የሚበዛበት ከሆነም ልጁ ያንኑ ይለምዳል። ከስኳሩ መጠን ይልቅ ድግግሞሹ እንደሚከፋ በስዊድን ቪፔሆልም ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተካሄደው፣ ፈቃዳቸው ባልተጠየቀ ሕሙማን ላይ በመሆኑ ግን በሥነ ምግባር የሚወገዘው ሙከራ አሳይቷል። ስኳር የበዛበትን ሻይ ከሰዓት ሙሉ ፉት እያሉ የሚያመሹ ሰዎች፣ አፋቸው ከአሲድ ለማገገም ፋታ አያገኝም።

«የዘረመል ምርመራ ባደርግ ጥርሴ ይበላ እንደሆነ አውቃለሁ።»
ለጊዜው እንዲህ ያለ አስተማማኝ ምርመራ የለም። ሐኪሙ ወደፊት የሚመጣውን ለመገመት ከሁሉ በላይ የሚመለከተው ከዚህ በፊት ስንት ጥርስ እንደተቦረቦረና እንደተሞላ ነው። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናም የሚሠራው ኢናሜሉ ላይ ስለሆነ የተጠቃሚውን የዘር ሐረግ አይጠይቅም።