ቺሎ፦ የአገዳ ቆርቁሮች ወገን

ቺሎ እጮቹ የሣርና የአገዳ እህል ግንድ እየቦረቦሩ የሚያድጉ የእሳት እራቶች ወገን ነው። ወደ 40 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1817 ያወጣለት ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዚንከን ነው። የሚመደብበት አስተኔ (የተዛማጅ ወገኖች ስብስብ) ክራምቢዴ ይባላል፤ በቆዩ መጻሕፍት ግን በፒራሊዴ ሥር ነው የሚገኘው። የሁለቱ አስተኔዎች መለያ የእሳት እራቶቹ ሆድ ላይ ያለው የመስሚያ አካል አሠራር ሲሆን፣ ዛሬም ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያዩ አልጠፉም።

ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ የሚታወቀው ነጠብጣቡ የአገዳ ቆርቁር፣ ቺሎ ፓርቴለስ ነው። በቀድሞ ጽሑፎች ቺሎ ዞኔለስ ተብሎ ቢገኝ አንባቢ ሌላ ነፍሳት እንዳይመስለው። ትውልዱ እስያ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ወዲህ ይታወቃል። ቆላ ይወዳል። ከፍ ባለው በሐረርና በሐረማያ በኩል ማሽላውን በብዛት የሚያጠቃው ቡሴዮላ ፉስካ የተባለው የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ እርሱ ከነጭራሹ የሌላ አስተኔ አባል ነው።

ገበሬ ዘንድ ሁለቱም «ትል» ናቸው። የተጠቃ ማሽላ መጀመሪያ የእምብርቱ ቅጠል በረድፍ ይበሳሳል፤ ቀጥሎ እምብርቱ ይደርቅና ሲስቡት ያለ ትግል ተነቅሎ ይመጣል። አገዳው ሲሰነጠቅ ትሉ የቦረቦረው ቦይ ቀላ ብሎ፣ በውስጡ ኩስ ሞልቶ ይታያል። ጀርባው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች የተሰለፉበት ፈዛዛ ትል ከተገኘ ቺሎ ነው፤ የቡሴዮላ ነጠብጣብ ያን ያህል አይጎላም።



የቺሎ ቀንደኛ ጠላት ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለች ደቃቅ ተርብ ናት። ቦዩ ውስጥ ገብታ በትሉ ገላ ውስጥ እንቁላሏን ወግታ ትጥላለች፤ ልጆቿም ከውስጥ በልተው ይጨርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከእስያ መጥታ ኬንያ ተለቀቀች። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሳይለቃት እ.ኤ.አ. በ1999 ተገኘች፤ በሶማሊያ በኩል ሳትገባ አልቀረችም። ፈቃድ ያልጠየቀች ጥሩ እንግዳ!

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ትሉ በደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል። ስለዚህ አገዳውን አቁሞ ከመከመር መሬት ላይ አንጥፎ ለፀሐይ ማስጣት ይመከራል። ይሁን እንጂ በሐረርጌ አገዳ የከብት መኖም፣ ማገዶም፣ አጥርም ነው፤ ክምሩ እስከ በልግ ዝናብ ከቤት ጥግ አይጠፋም።