ሐረማያ፦ በድሬና በሐረር መሃል ያለች የሐይቅ ከተማ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሄደ ሁሉ ሐረማያን ያውቃታል። ወርዶ ያያት ግን ጥቂት ነው። ድሬ ላይ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የተጣበቀ ተሳፋሪ፣ ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ «አቦ፣ መስኮቱን ዝጋው» ማለት ይጀምራል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ከቆላ ወደ ወይና ደጋ የሚያደርሰው ይሄው አንድ ዳገት ነው። ከዚያ በኋላ ለሐረር የሚቀረው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ከተማዋ በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ውስጥ ትገኛለች። በአማርኛ ለረጅም ጊዜ የተጠራችው አለማያ ተብላ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም እንደዚያው ይሏታል። ሐረማያ የሚለውን ስም ብዙዎች ከኦሮምኛው «ሐሮ» ጋር ያያይዙታል፤ ሐይቅ ማለት ነው። ማያ በጥንት ዘመን በዚህ አገር ይኖር የነበረ ሕዝብ ስም ነው። በቅርብ ዓመታት ሐረማያና ጎረቤቷ አወዳይ በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ሲገቡ የተሰጣቸውም ስም ይኸው ማያ ነው።

የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ። ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱን ተራራው ከለከለው። ስለዚህ ከባቡር የወረደ ዕቃና ሰው ወደ ሐረር የሚያልፈው በሐረማያ ሆነ። ከተማዋ እስከ ዛሬ የመንገድ ከተማ ናት፤ ሱቁም ሻይ ቤቱም ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞረ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሐይቁ ነው። በግንቦት 1907 ዓ.ም. የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የተሳፈሩበት ጀልባ እዚህ ሐይቅ ላይ ሰጠመ። እሳቸው ተረፉ። መምህራቸው አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ግን ውሃው ውስጥ ቀሩ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ከ90 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ ማየት ምን እንደሚመስል ይገባዋል።

ሐይቁ ለአሥርተ ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። እዚሁ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም፣ አወዳይም ከእሱ ነበር የሚቀዱት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ተራቁተው ደለል ወደ ሐይቁ ገባ። ለከተሞቹ የሚሳበው ውሃ በየጊዜው ጨመረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጫቱና የአትክልቱ መስኖ አለ። ጫት ዋጋ የሚያወጣው በበጋ ነው፤ ዝናብ የሌለበት ወቅት ስለሆነ ለምለም ቅጠል ይወደዳል። ገበሬው ያንን ለምለም ቅጠል ለማግኘት ሞተር ገዝቶ ውሃ ይስባል። ማለትም ሐይቁ በተፈጥሮው በሚቀንስበት ወር ነው በብዛት የሚቀዳው። ገበሬውን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይመስለኝም። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው፣ እንደ ጫት ፈጥኖ ብር የሚያመጣለት ሌላ ሰብል የለውም።

ውሃው ሲሸሽ ገበሬዎቹ የሐይቁን ወለል ቆፍረው የከርሰ ምድር ውሃ ማውጣት ጀመሩ። ሐረር ላይ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን በየሰፈሩ ተሰለፈ። በኋላ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ዳገቱን ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ድሮ ደጋው ላይ የነበረውን ውሃ ከቆላ ማምጣት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ መገመት ነው።

የከተማዋን ስም በመላ አገሪቱ ያስጠራው ኮሌጁ ነው። በ1944 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ በተስማሙት መሠረት፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተቋቋመ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ወደ አለማያ ዞረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ1998 ዓ.ም. ሐረማያ የሚለውን ስም ያዘ። ጊቢው ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ባቴ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከዚህ ተመርቀው ነው የወጡት። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው። ማሽላው እንዴት እንደሚጠወልግ ያየ የሐረርጌ ገበሬ፣ ይህ ሽልማት ለምን እንደተሰጠ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረማያ ወረዳ ሕዝብ ከ270 ሺህ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 50 ሺህ ገደማ ነበር። አብዛኛው ኦሮሞና ሙስሊም ነው። በከተማው አማራ፣ ሐረሪ፣ ጉራጌና ሶማሌም ይኖራል። ገበያ ላይ አንዱ በኦሮምኛ ጠይቆ ሌላው በአማርኛ ሲመልስለት ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ገጠሩ ማሽላና በቆሎ፣ ድንችና ሽንኩርት፣ ካሮትና ጎመን ያመርታል። ጫቱ ወደ አወዳይ ይሄዳል፤ ከዚያ አልፎ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ የሰንጋው አያያዝ ነው። ገበሬው ወይፈን ገዝቶ ጥቂት ዓመት ያርስበታል። ከዚያ ቤቱ አጠገብ ያስረዋል። ሜዳ ላይ አይለቀውም፤ መሬት የለማ። ከማሳው ላይ የሳሳውን የማሽላ ቡቃያ፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን እየቆረጠ በእጁ ያጎርሰዋል። ልጆቹም ያጎርሱታል። ከጫት የተረፈው ገራባ ለፍየሎቹ ነው። አዲስ አበባ ላይ በበዓል ሰሞን «የሐረር ሰንጋ» ተብሎ የሚጠራው በሬ እንዲህ በጉርሻ ያደገ ነው። ማለዳ በአንዱ ግቢ ካለፉ፣ ሰውየው በአንድ እጁ ሆጃውን ይዞ በሌላው በሬውን ሲያበላ ሊያዩት ይችላሉ። ሆጃ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው፤ ለዚያ ብርድ ይሆናል።

ሐይቁ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ተመልሷል። ዝናቡ ጥሩ ሆነለት፣ ተራሮቹ ላይም የእርከንና የችግኝ ሥራ ተሠራ። ወፎቹ መጥተዋል። ሚኒባሱ ሲያልፍ ተሳፋሪው አንገቱን አዙሮ ያያል፤ ደርቆ ያወቁት ደግሞ አጠገባቸው ላለው ሰው ያሳያሉ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ጫት ግን ዛሬም በበጋ ውሃ ይፈልጋል።