«ቴብሉ ካለ ቁልፉ አለ»፦ ስለ ቢትኮይን እንቆቅልሽ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚወዱ ልጆች የሚሰበሰቡበት ካፌ ገብታችሁ ትንሽ ከቆያችሁ የቢትኮይን እንቆቅልሽ መነሣቱ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማንነቱን ያልገለጸ ሰው በአንድ ግብይት ለ256 አድራሻዎች ቢትኮይን በተነ። የአድራሻዎቹን ቁልፎች፣ ማለትም ገንዘቡን የሚያስወጡትን ሚስጥራዊ ቁጥሮች፣ ሆን ብሎ አሳጥሯቸዋል። የመጀመሪያው 1 ቢት (አንድ የ0 ወይም የ1 አሃዝ)፣ ሁለተኛው 2 ቢት፣ ሦስተኛው 3 ቢት እያለ ይቀጥላል። ያገኘ ይውሰድ ነው። በ2017 ከ160ኛው በላይ ያለውን ገንዘብ ወደ ታችኞቹ አዞረው። በ2023 ደግሞ ሽልማቱን አሥር እጥፍ አደረገው።

ከወሬው ጋር ሁልጊዜ አንድ ፋይል አብሮ ይመጣል። «ቴብል» ይሉታል። በከርቩ (የቢትኮይን ቁልፎች በሚሰሉበት የሒሳብ ኩርባ) ላይ ያሉ ነጥቦች ቀድመው ተሰልተው የተደረደሩበት ነው። እሱን የያዘ ቁልፉን ቶሎ ያገኛል ይባላል። ጭልጥ ያለ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር። ግማሹ እውነት ነው።

«አድራሻውን ስጠኝ፣ ቴብሉ ቁልፉን ያወጣዋል»

አያወጣውም። የግል ቁልፉ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የታወቀ አንድ መነሻ ነጥብ ላይ ሲባዛ የሕዝብ ቁልፉ ይገኛል፤ እሱ በከርቩ ላይ ያለ ነጥብ ነው። አድራሻው ግን የሕዝብ ቁልፉ ሻ-256፣ ቀጥሎም ራይፕኤምዲ-160 በሚባሉ ወደኋላ በማይመለሱ ስሌቶች ካለፈ በኋላ የሚቀር ጭማቂ ነው። ቴብሉ የሚያውቀው ነጥብን ነው። ነጥቡ በእጅህ ከሌለ የምታነጻጽረው ነገር የለህም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከመሞከር ሌላ መንገድ የለም።

የእንቆቅልሹ ባለቤት ይህን ያውቃል። በ2019 ከ65ኛው እስከ 160ኛው፣ በየአምስት ቁጥሩ ካሉት አድራሻዎች ጥቂት ሳንቲም ላከ። ከአድራሻ ገንዘብ ሲወጣ የሕዝብ ቁልፉ ይገለጣል። ስለዚህ የቴብል ወሬ የሚሠራው ለ135ኛው፣ ለ140ኛውና ለመሳሰሉት ነው።

በነገራችን ላይ 66ኛው የሕዝብ ቁልፉ ካልተገለጠው ወገን ነበር። በመስከረም 2024 አንድ ሰው በስንት ልፋት ቁልፉን አገኘና 6.6 ቢትኮይኑን ወደራሱ ላከ። ግብይቱ ብሎክ (የቢትኮይን መዝገብ አንድ ገጽ) ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሕዝብ ቁልፉ ለሁሉም ይታያል። አድፍጠው የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ቁልፉን አስልተው ገንዘቡን ነጠቁት። ለምን ቻሉ? የሕዝብ ቁልፉ ለታወቀ የ66 ቢት ቁልፍ 12 ቢሊዮን ገደማ እርምጃ ይበቃል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ለሚራመድ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) ይህ 12 ሰከንድ ነው። አንድ ብሎክ ደግሞ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ሰውየው ያሳዝናል።

«ቀድሞ ማስላት ሥራውን ይቀንሰዋል»

ዋናው ስሕተት ይሄ ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

የካንጋሮ ዘዴ የሚባለውን ጆን ፖላርድ በ1978 አሳተመው። ሁለት ዓይነት ጉዞ አለ። ለማዳው ካንጋሮ ቁጥሩን ከምናውቀው ነጥብ ይነሣል። ዱሩ ከምንፈልገው የሕዝብ ቁልፍ ይነሣል። ቀጣዩ ዝላይ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው አሁን የቆሙበት ነጥብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ጊዜ አንድ ነጥብ ላይ ካረፉ ከዚያ ወዲያ አይለያዩም። የተጓዙትን ርቀት ስናቀናንስ ቁልፉ ይወጣል። የፍለጋው ክልል ስፋት 2^48 ከሆነ (2 በራሱ 48 ጊዜ ሲባዛ ማለት ነው) የሚያስፈልገው እርምጃ የስፋቱ ስኩዌር ሩት እጥፍ ገደማ ነው፤ 2^25።

ቅድመ ስሌት የሚገባው እዚህ ነው። ለማዳዎቹ የምንፈልገውን ቁልፍ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ትናንት ማታ አስሩጠን ያረፉባቸውን ነጥቦች መመዝገብ እንችላለን። የምስጠራ ተመራማሪዎቹ በርንስታይንና ላንገ በ2012 እና በ2013 ባወጧቸው ጽሑፎች ዋጋውን በደንብ አስልተውታል። 2^16 መስመር ያለው ቴብል ለመሥራት 2^32 ገደማ እርምጃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁልፍ በ2^16 ገደማ እርምጃ ይገኛል።

ወደ ሰዓት እንቀይረው። አንድ ላፕቶፕ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን እርምጃ ይሄዳል እንበል። ቴብሉን ለመሥራት አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከዚያ ቁልፉ ዓይን ሳይርገበገብ ይወጣል፤ 0.07 ሰከንድ። ግሩም ነው። ግን ያለ ቴብል ያንኑ ቁልፍ በ34 ሰከንድ ያገኘው ነበር! የቴብሉ ልፋት የሚካካሰው 128 ቁልፍ ከተፈታ በኋላ ነው።

የዓመት በርበሬ ማሰናዳት በሉት። አንዴ ተለፍቶበት ዓመቱን ሙሉ ወጥ ይሠራበታል። ለአንድ ድስት ወጥ ብሎ ኩንታል በርበሬ የሚያስፈጭ ግን የለም። 135ኛው እንቆቅልሽ ደግሞ አንድ ድስት ነው። በዚያ ስፋት የሚፈታ ሌላ ቁልፍ የለውም። ለእሱ ብቻ ቴብል የሚሠራ ሰው፣ ያለ ቴብል ከሚሄደው የበለጠ ይለፋል።

ልዩነት የሚያመጣው ቴብሉን ሌላ ሰው ሠርቶ በነጻ ከሰጠህ፣ ወይም እንደ 66ኛው የሽሚያ ደቂቃ ካለ ነው። ለ135ኛው በነጻ የሚሰጥህ ሰው ካለ ግን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ይህን ሁሉ ልፋት ከለፋ ለምን 13.5 ቢትኮይኑን ራሱ አልወሰደም?

«ችግሬ ዲስክ ብቻ ነው»

አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ 4 ቴራ ገዝቻለሁ፤ አይበቃም?» ብሎኛል። የሚያወራው ዳንኤል ሻንክስ በ1971 ስላወጣው ዘዴ ነው፤ ቤቢ ስቴፕ ጃያንት ስቴፕ። የመነሻ ነጥቡን ብዜቶች በተርታ ትመዘግባለህ። ከዚያ ከሕዝብ ቁልፉ ላይ ትልልቅ ዝላይ እየቀነስክ «ይሄ ቴብሉ ውስጥ አለ?» እያልክ ትፈልጋለህ።

ቴብሉን ገልጠን እንየው። ለ2^60 ስፋት 2^30 መስመር ይበቃል። የነጥቡን የኤክስ ዋጋ ሙሉውን 32 ባይት ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ 8 ባይቱ ይበቃል። 4 ባይት ደግሞ ለተራ ቁጥሩ። በጠቅላላው 13 ጊጋባይት ገደማ ነው። የአንድ ነጥብና የተቃራኒው ኤክስ እኩል ስለሆነ አንዱ መስመር ለሁለት ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ደህና ላፕቶፕ ይችለዋል።

አሁን ወደ 135ኛው። ስፋቱ 2^134 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 2^67። በመስመር 8 ባይት ብቻ ብናደርግ እንኳ 2^70 ባይት ይሆናል። ባለ 1 ቴራ ዲስክ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። የልጁ 4 ቴራ ምን ላይ እንደምትውል እናንተው አስቡት።

ዲስኩ ቢኖር እንኳ ፍጥነቱ ሌላ ጣጣ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ያለን መረጃ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ቢያነብ ነው። 2^30 ጊዜ ለመጠየቅ አራት ወር ያልፋል። ለዚህ ነው ፕሮግራሞቹ ብሉም ፊልተር የሚባለውን ትንሽ ማጣሪያ በራም ውስጥ የሚያስቀምጡት። ለአንድ መስመር 10 ቢት ገደማ ይበቃዋል። «የለም» ካለ እውነት የለም። «አለ» ካለ ግን አንዳንዴ ስለሚሳሳት ዋናው ቴብል ላይ መጣራት አለበት።

«የሕዝብ ቁልፉን ለ1024 ባካፍለው ቁልፉ በ10 ቢት ያጥራል»

ይቺ ብልጥ ሐሳብ ናት፤ የሚያነሧትም ሒሳብ የሚችሉ ልጆች ናቸው። ነጥብን በከርቩ ላይ ለ1024 ማካፈል ይቻላል፤ እውነት ነው። ቁልፉ የሚያጥረው ግን ቁጥሩ ለ1024 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ብቻ ነው። ቀሪው ስንት እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ከ0 እስከ 1023 ያለውን ቀሪ እየቀነስክ 1024 ነጥብ ታዘጋጃለህ። አንዱ ብቻ አጭር ቁልፍ አለው። የሌሎቹ ቁልፍ ከክልሉ ውጭ የትም ተበትኗል። የትኛው ትክክለኛ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለም። በካንጋሮ እያንዳንዱ ፍለጋ በ32 እጥፍ ይቀላል፤ የፍለጋው ብዛት ግን 1024 ነው። ሁሉንም ለመጨረስ 32 እጥፍ ሥራ ጨመርክ ማለት ነው።

«ለ130ኛው የተሠራ ፋይል ለ135ኛውም ይሆናል»

የዱሮቹ ጉዞ አይሆንም፤ ከሌላ የሕዝብ ቁልፍ ነው የተነሣው። የለማዶቹም ለጠባብ ክልል የተሠራ ከሆነ ለሰፊው ብዙም አይረባም። ከርቩ ወይም መነሻ ነጥቡ ከተለየ ደግሞ ጭራሽ ፋይሉን ደምስሱት።

«በዲፊ-ሄልማን ላይ ተሠርቷል እኮ፣ እዚህስ?»

እውነት ነው፣ ተሠርቷል። ዲፊ-ሄልማን ሁለት ኮምፒውተሮች በግልጽ መስመር ላይ የጋራ ሚስጥር የሚስማሙበት ዘዴ ነው። በ2015 ሎግጃም የተባለውን ጥቃት ያወጡት ተመራማሪዎች ለአንድ ባለ 512 ቢት ፕራይም ቁጥር አንድ ሳምንት ቀድመው አሰሉ። ከዚያ በኋላ የመጣላቸውን ቁልፍ በደቂቃ ገደማ ፈቱ። ብዙ ሰርቨሮች ያንኑ አንድ ፕራይም ይጋሩ ስለነበር ልፋቱ ተካሰ።

ያ ዘዴ ግን የሚሠራው የተራ ቁጥሮችን ባሕርይ ተጠቅሞ ነው። ቁጥር ወደ ትናንሽ ፕራይሞች ይበተናል። በቢትኮይን ከርቭ ላይ ያለን ነጥብ እንዲህ መበተን የሚችል ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። የቀሩት የየትኛውንም ቡድን (እርስ በርስ የሚደመሩ ነገሮች ስብስብ፤ እዚህ የከርቩ ነጥቦች) ልዩ ባሕርይ የማይጠቀሙት አጠቃላይ ዘዴዎች ናቸው። ኮሪጋን-ጊብስና ኮጋን በ2018 እንዳረጋገጡት፣ ለእነዚህ ዘዴዎች የቴብሉ መጠንና የእርምጃው ስኩዌር ሲባዙ ከቡድኑ መጠን እምብዛም ሊያንሱ አይችሉም። ለሙሉ ባለ 256 ቢት ቁልፍ 2^85 ገደማ መስመርና 2^85 ገደማ እርምጃ ማለት ነው። ቴብሉን ለመሥራት ደግሞ 2^170።

«ቴብሉ ቀርቶ፣ ብዙ ጂፒዩ ብንሰበስብስ?»

ለ115ኛው ተሠርቷል፤ በ2020 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 256 ቴስላ ቪ100 ካርዶች 13 ቀን ሮጠው ፈቱት። ለ135ኛው በካንጋሮ 2^68 እርምጃ እንበል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የሚራመድ አንድ ካርድ 9,350 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሺህ ካርድ ቢሰበሰብ 9.35 ዓመት ገደማ። ካርዱ 300 ዋት ከበላ ጠቅላላ ፍጆታው 25 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። የእኛው አዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ 102ቱም ተርባይን ያለ ዕረፍት በሙሉ 153 ሜጋዋት አቅሙ ቢሽከረከር ወደ ሰባት ቀን ገደማ ይወስድበታል። አሁን ያሉት ካርዶችና ፕሮግራሞች ከዚህ ይፈጥናሉ፤ ሒሳቡ ግን የቤት ላፕቶፕ ሒሳብ አይደለም።

«እንግዲያው ቴብል ከንቱ ነው»

ይሄም ስሕተት ነው። የዋሌት (የቢትኮይን ቦርሳ) ሶፍትዌሮች ራሳቸው የመነሻ ነጥቡን ብዜቶች ቀድመው አስልተው ይዘዋል፤ ፊርማ የሚፈጥነው በዚያ ነው። ሌላው ጥቅሙ በሚስጥር የሚደመር ነገር ላይ ነው። ድምፅ ተመሥጥሮ ይሰጣል እንበል። ድምፆቹ ሳይፈቱ በከርቩ ላይ ይደመራሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚፈታው ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ነው። የሚወጣው ግን ነጥብ ነው። ወደ ቁጥር መመለስ አለበት። መራጩ አንድ ሚሊዮን ከሆነ ድምሩ ከዚያ አይበልጥም። አንድ ሺህ መስመር ያለው ቴብል በአንድ ሺህ ዝላይ ያገኘዋል። ያው ቴብል ለሚቀጥለው ጣቢያም፣ ለሚቀጥለው ምርጫም ይሠራል። ስልክ ላይ እንኳ ይሄዳል።