ለትልቅ የዓሣ ገንዳ በቤት የሚሠራ ሳምፕ፦ ጎጃም ላይ ሲሠራ

ሳምፕ ከዋናው የዓሣ ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ከላይ የሞላው ውሃ በቧንቧ ወደ እሱ ይወርዳል። በስፖንጅና በድንጋይ መሀል አልፎ ይጣራል። ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ሆቴልና ካፌ ውስጥ እንደሚታየው ከ300 ሊትር በላይ ሲሆን ግን ታሪኩ ይለወጣል። ፋብሪካ የሠራው ትልቅ ማጣሪያ ዋጋው አይቀመስም፤ ሲበላሽም መለዋወጫው ችግር ነው። በአንጻሩ መስታወት ቆራጭ፣ የቧንቧ ዕቃ ሱቅና ሲልከን ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም አይጠፋም። በቤት መሥራት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ብዙ ገጽ የሚፈጁት በማጣሪያው ዓይነት ላይ ነው። እኛ ጋ ግን ሥራው ከሌላ ጥያቄ ይጀምራል፦ መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይገባል? ፓምፑ በቆመ ቅጽበት የላይኛው ገንዳ ውሃ እስከ መፍሰሻው አፍ ድረስ ወደ ታች መውረዱን ይቀጥላል። የታችኛው ቦታ ከሌለው ምንጣፉ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 540 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ከፍታ በ3 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ 150 በ60 በ3 ሲባዛ 27 ሊትር ይመጣል። ቧንቧ ውስጥ ያለው ሲጨመር 30 ሊትር ገደማ ነው። ሳምፑ 100 በ40 በ40 ከሆነ 160 ሊትር ይይዛል። በሥራ ላይ እያለ ውሃው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ 60 ሊትር ባዶ ቦታ ይተርፋል። 30 ሊትሩ ሲወርድ ከፍታው በ7.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጨምራል። ቤቱ ተረፈ ማለት ነው።

ይህ ሂሳብ የሚሠራው ግን ውሃ መላሹ ቧንቧ ጉድ ካልሠራ ነው። የቧንቧው አፍ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃውን ወደ ኋላ ይስባል። እስከ አፉ ድረስ ያለውን ሁሉ ታች ያወርደዋል። መፍትሔው ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቧንቧው ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ውሃው ሲወርድ አየር ይገባና መሳቡ ይቆማል። ቀዳዳው በአልጌ ስለሚደፈን አልፎ አልፎ በጥርስ መጎርጎሪያ መጥረግ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭም አለ፤ ቆሻሻ ሲይዝ በደንብ ስለማይዘጋ እሱን ብቻ ማመን አይገባም።

ውሃው ከላይ በሁለት መንገድ ሊወርድ ይችላል። አንዱ መስታወቱን ሳይበሱ በጠርዙ ላይ በሚታጠፍ ቱቦ መሳብ ነው። ሌላው መስታወቱን በስቶ ቧንቧ መግጠም ነው። የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ መሳቡን ያቆማል፤ ፓምፑ ደግሞ ከታች መግፋቱን ይቀጥላል። የላይኛው ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቁማር ነው። መብሳት ይሻላል። የሚበሳው በአልማዝ ቀዳጅ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ከሆነ ግን መሰርሰሪያው ሲነካው ብትንትኑ ይወጣል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከዋናው መውረጃ አጠገብ ከፍ ያለ ሁለተኛ መውረጃ መጨመርም ተገቢ ነው። አንዱ በቅጠል ወይም በቀንድ አውጣ ቢደፈን ሌላው ያድናል።

ሁለተኛው የአገራችን ጉዳይ ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያው ሙቀት ላይ የሚይዘው 6.6 አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ወደ 6 ይጠጋል። ስለዚህ ከሳምፕ ዓይነቶች ለእኛ የሚስማማው ውሃው የሚንጠባጠብበት ነው። በትንንሹ የተበሱ የፕላስቲክ መሳቢያዎች ተደራርበው ይቀመጣሉ። ውሃው ከላይ እየተረጨ በመሳቢያዎቹ ውስጥ ያልፋል። አየር በደንብ ያገኛል። መብራት ጠፍቶ ቢቆይም ማጣሪያው እርጥብ ሆኖ አየር ላይ ስለሚቆይ፣ እዚያ የሚኖሩት፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ለጥቂት ሰዓት አይሞቱም። ማጣሪያው በተዘጋ ጣሳ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ውሃው ይበላሽ ነበር።

መሳቢያው ውስጥ ምን ይገባል? ከላይ ደረቁን ቆሻሻ የሚይዝ የትራስ ጥጥ። ከሥሩ ባክቴሪያ የሚኖርበት ነገር። ለዚህ የሚሸጥ የሴራሚክ ቀለበት አለ፤ እኛ ግን ከእግራችን ሥር የተሻለ ርካሽ ነገር አለን። ከጣና ደቡብ እስከ እንጅባራ ያለው አገር የቆየ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ቀይ ድንጋይ ይገኝበታል። አቧራው እስኪጠፋ ታጥቦ ይገባል። ከደጀን በኩል የሚመጣው ነጣ ያለ ድንጋይ ግን ኖራ ሊሆን ይችላል፤ የውሃውን ጥንካሬ፣ ማለትም የሟሟበትን ማዕድን፣ ይጨምራል። ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ካወጣ ይተው። የፕላስቲክ ዕቃ ማጠቢያና የሃይላንድ ክዳንም ይሠራሉ። የሽቦ ማጠቢያ ግን አይሆንም፤ ይዝጋል፣ መዳብ ካለበትም ዓሣውን ይመርዛል።

የሳምፑ መስታወት 8 ሚሊ ቢሆን አስተማማኝ ነው። ሲልከኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሻጋታ መድኃኒት የተጨመረበት አይሁን። ጠርዙ በአልኮል ይጸዳል። ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይደርቃል። ከዚያ በረንዳ ላይ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ያድራል። መቆሚያው ብረት ይሁን፣ በውሃ ልክም ይስተካከል፤ ውሃው ብቻ 540 ኪሎ ነው። ፓምፑ የሚቀመጥበት የሳምፑ ክፍል የመጨረሻው ነው። በበጋ በትነት የሚቀንሰው ውሃ የሚታየው እዚያ ብቻ ስለሆነ ካልተሞላ ፓምፑ በደረቁ ይሠራና ይቃጠላል።

ፓምፕ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር መሸወድ የለም። ያ ቁጥር ውሃው ሽቅብ ሳይወጣ የተለካ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ሲወጣ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ለ540 ሊትር ገንዳ በሰዓት 2,000 ሊትር ላይ መድረስ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ ጠብታ ቢወርድ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ዓሣ ወዲያው አይገባም። የዓሣው ኩስ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ሰንሰለት በደንብ መሥራት እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ማሞቂያ በሌለበት በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በበርሜል አንድ ቀን ተከፍቶ ይቆይ። ማጣሪያውም የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፤ አለበለዚያ የተለፋበት ባክቴሪያ ያልቃል። ቆሮሶና አምባዛ ብዙ የሚበሉ፣ ብዙም የሚያቆሽሹ ናቸው፤ ለእነሱ ሳምፑ ሰፋ ይበል።

ናይትሬት በማጣሪያ አይጠፋም። አንዳንዶች ሳምፑ ውስጥ ተንሳፋፊ ተክል ያኖራሉ፤ ተክሉ ናይትሬቱን ይመገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ክልክል ነው፦ እምቦጭ። ምግብ በመምጠጥ የሚወዳደረው የለም፤ ግን ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል። ከሐይቁ አምጥቶ ቤት ማሳደግ፣ ሲበዛም ቦይ ውስጥ መጣል ሌላ ወንዝ ማስያዝ ነው። በምትኩ የቤት ጌጥ የሆነውን ፖቶስ ሥሩን ብቻ ሳምፑ ውስጥ መንከር ይቻላል። በየሳምንቱም ከውሃው ከ20 እስከ 30 በመቶው ይቀየራል። የሚወጣው ውሃ ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ነው።