ስማርት ቁልፍ፣ ተከራይና አከራይ፦ ፈቃዱ የማን፣ ወጪው የማን?

አሜሪካ ውስጥ ተከራይተው ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞች ስማርት ቁልፍ (በስልክ የሚከፈት የበር ቁልፍ) ማስገጠም በተነሳ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ፦ አከራዩ መከልከል ይችላል ወይ? ገንዘቡንስ ማን ይከፍላል? ለየብቻ እንያቸው።

ፌር ሃውዚንግ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ከተሻሻለ ወዲህ፣ አካል ጉዳተኛው ቤቱን እንደ ልቡ ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ተገቢ ለውጥ አከራዩ እንዳይከለክል ያዛል። ወጪው ግን በአብዛኛው የተከራዩ ነው። ብዙ ሰው የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው፤ «መብት ከሆነ ለምን እኔ እከፍላለሁ?» ይላል።

ለምሳሌ ጣቶቻቸው ቁልፍ ማዞር የማይችሉ እናት በስልክ የሚከፈት ቁልፍ ፈለጉ እንበል። መጀመሪያ አከራዩን ያስፈቅዳሉ፤ እሱም ሥራው በባለሙያ እንዲሠራ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ሰበብ ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) መጨመር ግን አይችልም። ችግራቸው በዓይን የማይታይ ከሆነ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል እንጂ የሕክምና ታሪካቸውን በሙሉ የመመርመር መብት የለውም። (ተራ ስማርት አምፖል መቀየር ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም።)

የሚለያየው ምንድን ነው? ቤቱ የፌዴራል ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ወጪው ብዙ ጊዜ ወደ አከራዩ ይዞራል። የማሳቹሴትስ ስቴት ሕግም 10 እና ከዚያ በላይ ቤቶች ባሉት ሕንፃ ላይ ተገቢውን ወጪ በባለቤቱ ላይ ይጥላል። በሌላ በኩል ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት፣ ከአራት ያልበለጡ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ከፌዴራሉ ሕግ ውጭ ሊሆን ስለሚችል የስቴታችሁን ሕግ እዩ።

ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።